የልብስ ማጠቢያ መኪና በእጅ ስለሚዞርበት ብልሃት

ለሐይቅና ለአምባሰል ገበሬዎች እንዲሁም ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ምርጥ ዘር እነግራችኋለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ እንደ ሆነ ይቅርታችሁን እለምናለሁ። የዛሬው ጉዳያችን ልብስ ማጠብ ነው። «የእርሻ ሰው ስለ ልብስ ማጠብ ምን አገባው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በአረም ወቅት የቤቷ እመቤት ግማሽ ቀን ሐይቅ ዳር ልብስ ስትወቅጥ ከዋለች ጤፉን የሚያርም አንድ ሰው ጐደለ ማለት ነው። የተባይ መድኃኒት ሲረጭ የዋለ ገበሬ ልብሱን ከልጆቹ ልብስ ጋራ ደባልቆ ካሳጠበም ያ መድኃኒት ከማሳው ወደ መኝታው መጣ ማለት ነው። ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም ይብሳል፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ ስለ መኪናው ላውራ። ዛሬ በከተማ የምናየው ማጠቢያ በኤሌክትሪክ ይዞራል። ነገር ግን የልብስ ማጠቢያ መኪና የተፈለሰፈው ኤሌክትሪክ ቤት ሳይገባ ነው። በ1782 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሲጂየር የተባለ እንግሊዛዊ በእጅ የሚዞር በርሜል መሰል ማጠቢያ ሠርቶ የባለቤትነት ማረጋገጫ አግኝቶበታል። ለእኛ ለገበሬዎች ይበልጥ የሚጥመን ግን የአሜሪካው የሜይታግ ታሪክ ነው። በአይዋ ክፍለ ግዛት በኒውተን ከተማ የነበረው ይህ ድርጅት ሥራው የእርሻ መሣሪያ መሥራት ነበር፤ ይኸውም ነዶውን ወደ መውቂያ መኪና የሚያጐርስ መሣሪያ ነው። የእርሻ መሣሪያ ደግሞ እንደምታውቁት የሚሸጠው በወቅቱ ብቻ ነው። መከር ካለፈ ሠራተኛው ሥራ ይፈታል። ስለዚህ በ1907 እ.ኤ.አ. ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወራት የሚሸጥ ከእንጨት የተሠራ፣ በእጅ የሚዞር የልብስ ማጠቢያ አወጣ። እነሆ የእርሻ መሣሪያ ሠሪው በማጠቢያ መኪና ስሙ ገነነ። በዘመናችንም ናቭ ሳውኒ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ «ዲቪያ» ብሎ የሰየማትን በእጅ የምትዞር ማጠቢያ ሠርቶ በኢራቅ በስደተኞች መጠለያ ለሚኖሩ ቤተሰቦች አድርሷል። ስለዚህ ነገሩ ጊዜው ያለፈበት አይደለም።

አሁን ወደ ብልሃቱ እንግባ። የድሮው መኪና ዋና ክፍሎች ጥቂት ናቸው። አንድ የእንጨት ገንዳ፣ ክዳን፣ በክዳኑ መካከል ቁልቁል የሚገባ ዘንግ፣ ከዘንጉም ጫፍ ላይ አራት ወይም አምስት ጣት የመሰሉ ድብልብል እንጨቶች አሉ። ዘንጉ ሲዞር ጣቶቹ ልብሱን ይይዙና በሳሙና ውኃ ውስጥ ያመላልሱታል። ከክዳኑ በላይ ዘንጉ ትንሽ ጥርሳም መንኰራኩር ይሸከማል። ከዚያ ጐን ጥርስ የወጣለት አግዳሚ ብረት ተጋጥሟል። እጀታውን ወደ ፊት ሲገፉት አግዳሚው ይሄዳል፤ ትንሹ መንኰራኩር ወደ ቀኝ ይዞራል። እጀታውን ወደ ኋላ ሲስቡት መንኰራኩሩ ወደ ግራ ይመለሳል። ለምሳሌ መንኰራኩሩ 10 ጥርስ ቢኖረውና አግዳሚው በአንድ ግፊት 10 ጥርስ ቢራመድ ዘንጉ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል ማለት ነው።

ሌላው ዓይነት እጀታው እንደ ውኃ ጉድጓድ ማዞሪያ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚዞር ነው። እዚያ ላይ ከባድ መንኰራኩር አለ፤ ከመንኰራኩሩ ጠርዝ አንድ ገፊ ክንድ ተነሥቶ ጥርሳሙን አግዳሚ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያመላልሰዋል። ይህ እንዳይከብዳችሁ በገበያ ያለውን ልብስ ሰፊ አስቡት። የእግሩ መርገጫ ላይና ታች ይላል፤ ገፊው ብረት ግን መንኰራኩሩን ያዞራል። የማጠቢያው ብልሃት የዚሁ ግልባጭ ነው፤ ከዙር ተነሥቶ ወደ ምልልስ ይሄዳል። ልብስ ሰፊው አንዳንድ ጊዜ እግሩን ቢረግጥ መኪናው እንቢ ብሎት መንኰራኩሩን በእጁ ገፋ ሲያደርግ አይታችኋል። ይህ የሚሆነው ገፊው ብረትና መንኰራኩሩ በአንድ መስመር ላይ ሲቆሙ ነው። ከባዱ መንኰራኩር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተንቀሳቀሰ በራሱ ክብደት እየተንደረደረ ያንን መጥፎ ቦታ ያሳልፋል።

«ለምን እንዲህ ማመላለስ አስፈለገ? ዝም ብሎ ወደ አንድ ወገን ቢዞር ምን አለበት?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ይህን እኔም ተማሪ ሳለሁ ጠይቄ ነበር፤ መልሱን ያገኘሁት ግን ከመጽሐፍ አይደለም። ከኮሌጅ ወጥቼ ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ አናጢ ጋራ ሆነን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚዞር ማጠቢያ ሠራን። በጣም ኮርቼበት ስለ ነበር ለሙከራ የእናቴን ባለ ጥለት ነጠላ ለምኜ አመጣሁ። አምስት ደቂቃ ያህል እንዳዞርነው እጀታው ከበደን። እኛም ሞኞች ሆነን ለሁለት ይዘን ገፋነው። ክዳኑን ስንከፍት ነጠላው እንደ ፈትል በዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ጥለቱ ከዳር እስከ ዳር ተገንጥሏል። እናቴ ምንም አልተናገረችኝም፤ እስከ ዛሬም ግን ልብስ አጥብልሽ ብላት አትሰጠኝም።

ልብሱና ውኃው አብረው ወደ አንድ ወገን ከዞሩ በመካከላቸው መፋተግ የለም። ልብስ የሚጠራው ውኃው በድሩና በማጉ መካከል ሲያልፍ ነው። ዘንጉ ድንገት ወደ ኋላ ሲመለስ ውኃው ገና ወደ ፊት እየሄደ ስለ ሆነ ከልብሱ ጋራ ይጋጫል፤ እድፉንም ይዞ ይወጣል። መጠምጠሙም እንዲሁ ይፈታል።

በርሜሉ ራሱ ልብሱን ይዞ የሚዞርበትም ዓይነት አለ። የሲጂየር መኪና እንዲህ ያለ ነበር። እዚህ ላይ ልብሱ ወደ ላይ ይነሣና ይወድቃል፤ ይህም በድንጋይ ላይ እንደ መደብደብ ያለ ሥራ ይሠራል። ነገር ግን የልብሱንና የውኃውን ክብደት ሁሉ የምታነሣው ክንድ ናት። ሰው በክንዱ ሳይደክም ለረጅም ጊዜ የሚያወጣው ኃይል ከ50 እስከ 75 ዋት፣ ማለትም ከአንድ አምፑል ብዙም የማይበልጥ ነው። እርጥብ ጋቢ ደግሞ ምን ያህል እንደሚከብድ ልንገራችሁ አያስፈልግም። በእኔ አስተያየት ለእኛ አገር ልብስ የምልልሱ መኪና ይሻላል።

በእኛ ቀበሌ ጥርሳም መንኰራኩር ማስቀረጽ ውድ ነው፤ ሲሰበርም መለዋወጫ አይገኝም። ስለዚህ እኔ የምመክራችሁ ያለ ጥርስ የሚሠራውን የጠፍር ብልሃት ነው። አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ የነበረው ኢልካ የተባለው የከብት እርባታ ምርምር ማዕከል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለወተት መግፊያ እንስራ የእንጨት መማሰያ አሠርቶ ነበር። ዘንጉ በእንስራው አፍ ይገባል፤ ገመድ ይጠመጠምበታል፤ ገመዱን ወዲያና ወዲህ ሲስቡት ዘንጉ ይዞራል። እንስራውን ማወዛወዝ ቀረ፤ ቅቤውም በአጭር ጊዜ ይወጣል። ወተት ለሚገፋ ብልሃት ልብስ ማጠብ አይከብደውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዘንጉ ውፍረቱ 6 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ዙሪያው ወደ 19 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ገመዱ አንድ ስንዝር ያህል ሲሳብ ዘንጉ አንድ ዙር ይዞራል። ጠፍሩን ሦስት ጊዜ ጠምጥሙትና መካከሉን በትንሽ የእንጨት ችንካር ከዘንጉ ጋራ ያዙት፤ ያለዚያ እርጥብ ሲሆን ይንሸራተታል። ጠፍር ውኃ ሲነካው ስለሚለጠጥ ከክዳኑ በላይ ይሁን፤ የናይሎን ገመድም ይሆናል። ለዘንጉ መቆሚያ ከወይራ የተጠረበ ጉጥ በገንዳው ወለል ላይ አድርጋችሁ መካከሉን እንደ ጽዋ ቦርቡሩት፤ የዘንጉ ጫፍ እዚያ ውስጥ ይዞራል። ወይራ ጠንካራ ስለ ሆነ በቶሎ አይበላም። ጣቶቹንም ከወይራ ሥሩና ጫፋቸውን በደንብ አድበልብሉ። ከውኃው በታች ሚስማር አታግቡ፤ ዝገቱ በነጭ ልብስ ላይ የማይለቅ ምልክት ይተዋል።

ለገንዳው ግማሽ የፕላስቲክ በርሜል ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን በርሜል፣ ምንም ያህል ቢታጠብ፣ ለዚህ ሥራ አትውሰዱ። በገበያ ርካሽ ሆኖ ስታገኙት ለምን እንደ ረከሰ ጠይቁ።

ልብሱን ማታ በሳሙና ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። በ40 ሊትር ውኃ ውስጥ ከሦስት ኪሎ የማይበልጥ ደረቅ ልብስ ይግባ፤ ገንዳው ከታጨቀ ጣቶቹ ያማስላሉ እንጂ አያጥቡም። በደቂቃ ከ40 እስከ 50 ጊዜ ብታመላልሱት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ይህን ሥራ ልጅም ሽማግሌም ተቀምጦ ሊሠራው ይችላል። ወንዶችም፣ ወዳጆቼ፣ ገመዱን ብትስቡ ነውር የለበትም። በቀድሞ ዘመን በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ልብስን በእንዶድ እየረገጡ ማጠብ የወንድ ሥራ እንደ ነበረ የውጭ አገር መንገደኞች ጽፈው ትተዋል።

ስለ መጭመቂያው በአጭሩ ልንገራችሁ። ሁለት ድብልብል እንጨቶች ተደራርበው ይቆማሉ፤ አንደኛው በእጀታ ይዞራል፤ ልብሱ በመካከላቸው ሲያልፍ ውኃው ይፈሳል። ጋቢ ለመጭመቅ ሁለት ሰው በሁለት ጫፍ ይዞ ሲጠመዝዝ እንዴት እንደሚያደክም ታውቃላችሁ። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኔ ብሆን ከማጠቢያው ይልቅ መጭመቂያውን እገዛ ነበር። ጣት እንዳይዝ ግን ልጆች አይጠጉት፤ ቁልፍ ያለውንም ልብስ ቁልፉን ወደ ውስጥ አጥፉት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልመለስ። ባለፈው ጊዜ ሐይቁ ዳር ልብስ ሲያጥቡ ላገኘኋቸው አንዲት እናት ይህን መኪና በቃሌ አስረዳኋቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ልጄ፣ ውኃውን ወደ ቤት ከማመላለስ ልብሱን ወደ ውኃው መውሰድ አይቀልም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቁጥሩን አብረን እንቁጠረው። ለማጠብ 40 ሊትር፣ ለሁለት ጊዜ ማለቅለቅ 80 ሊትር፤ በድምሩ 120 ሊትር ነው። ይህ በ20 ሊትር ጀሪካን ስድስት ምልልስ፣ በጀርባም 120 ኪሎ ይሆናል። አንዱ ምልልስ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ሦስት ሰዓት ሄደ። መኪናው አንድ ሰዓት አትርፎላችሁ ሦስት ሰዓት ይበላባችኋል። እንዲህ ያለውን መኪና ግዙ ብዬ የምመክር ሰው አይደለሁም።

ታዲያ ለምን ተነሣሁ? ስለ ቢልሃርዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሞ የወጣ ጥናት በሐይቅ ከተማ በተማሪዎች ላይ ይህ በሽታ መኖሩን አስታውቋል። የአንጀት ቢልሃርዚያ እንቁላል ከበሽተኛ ሰው ዓይነ ምድር ጋራ ወደ ውኃ ይገባል። እዚያ ተፈልፍሎ በውኃ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ሆድ ይገባል፤ በዚያም ተራብቶ በዓይን የማይታይ ትል ሆኖ ይወጣል። ትሉ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል እንጂ መጠጣትን አይጠብቅም። ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ ስትበረታ፣ በእኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ይኸውም ልብሱ ቶሎ እንዲደርቅ ብለን የምናጥብበት ሰዓት ነው። እናት እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ቆማ ታጥባለች፤ ልጆቿ አጠገቧ ይንቦጫረቃሉ። ከዚያ በኋላ ሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ቆይቶም ጉበትና ጣፊያ ማበጥ ይመጣል። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ያድናል፤ ነገር ግን የዳነው ልጅ ወደዚያው ውኃ ከተመለሰ እንደገና ይያዛል።

ስለዚህ የእጅ መኪናው ዋና ጥቅም ጊዜ መቆጠቡ ላይ አይደለም። እግርና እጅን ከሐይቁ ማውጣቱ ነው። መኪናውን ቤት አታስቀምጡት፤ ሐይቁ ውስጥም አታቁሙት። የእጅ ፓምፕ ወይም የጐለበተ ምንጭ ባለበት አጠገብ፣ አሥር ያህል ቤተሰብ በጋራ ቢያቆሙት መልካም ነው። የሐይቅ ውኃ ብቻ ያላችሁ እንደ ሆነ ከዳር 50 እርምጃ ያህል ራቅ ብላችሁ አንድ ክዳን ያለው በርሜል አስቀምጡ። ውኃውን ከድንጋይ መቆሚያ ላይ ሆናችሁ በገመድ ባልዲ ቅዱ፤ አትግቡበት። ቀንድ አውጣ እንዳይገባበት በጨርቅ አጣሩት። ከዚያ ሁለት ሙሉ ቀን ይቀመጥ። ያ ትል ሰው ካላገኘ ከሁለት ቀን በላይ አይኖርም። ለዓርብ ማጠቢያ የምትፈልጉትን ረቡዕ ጧት ቀዱ ማለት ነው። የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ መጸዳጃ ቤት የሌለው መንደር ውስጥ ይህን ብቻችሁን ብታስተምሩ ግማሽ ሥራ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይዛችሁ ሂዱ።

እንዶድን ሳላነሣ ብቀር ትቀየሙኛላችሁ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ ሲመረምሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑን ለዓለም አሳወቁ፤ ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ በ1989 እ.ኤ.አ. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ በእንዶድ ማጠብ ጥሩ ነው፤ በእጅ መኪናውም ይሠራል። ዱቄቱ አፍንጫና ዓይን ስለሚያቃጥል በውኃ ዘፍዝፋችሁ አጥልላችሁ ጨምሩት። ነገር ግን «ቀንድ አውጣውን ይፍጅልን» ብላችሁ እጣቢውን ሐይቁ ውስጥ አትድፉ። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ሐይቃችንም የአንከርካን ወንዝ ተቀብሎ ወደ ሌላ የማያስተላልፍ፣ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ኦሞውም እንዲሁ ነው። የሳሙናውን ውኃ ሣር ባለበት ጕድጓድ አፍስሱት፤ የማለቅለቂያውን የመጨረሻ ውኃ ግን ለማንጎ ወይም ለጌሾ ሥር ልታጠጡት ትችላላችሁ። ለችግኝና ለሰላጣ አይሁን።

መድኃኒት ሲረጭ የተለበሰ ልብስስ? ያን ለብቻው፣ በዚያው ቀን፣ ከሁሉም ልብስ በኋላ እጠቡት። መኪናው እዚህ ላይ እጅን ከመርዙ ውኃ ስለሚያርቅ በእውነት ይጠቅማል። ልብሱን ስትከቱና ስታወጡ ግን የፕላስቲክ ጓንት አድርጉ። ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፤ ከዚያም ባዶውን ገንዳ በሳሙና እጠቡ። እጣቢው ከምንጭም ከሐይቅም ራቅ ብሎ፣ ከብት በማይግጥበት ቦታ ይፍሰስ። መድኃኒቱ በአናቱ የተደፋበት ልብስ ካለ መታጠብ የለበትም፤ ይጣል።

እነሆ ይህን ስነግራችሁ የሠራነውን የጠፍር መኪና ከዛፉ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ ውኃውም ከትናንት በስቲያ የተቀዳ ነው። አናጢዎች ያላችሁ እንደ ሆነ ዘንጉንና የወይራውን መቆሚያ ለኩ። እናቶችም ያመጣችሁትን ልብስ አስገቡና ራሳችሁ ሳቡት፤ ባለ ጥለት ነጠላ ግን ለዛሬ ይቆይ።